በስብ ግድግዳ የተተከለው ጆሮ

የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራው የሚያውቁት ይቀየሙኛል፤ የማያውቁት ደግሞ ካርታ ላይ ሲፈልጉ ዓይናቸውን ያደክማሉ። እኔ እንዳልክ እባላለሁ። ከፊደል ጥቂት፣ ከንባብ ቁንጥር አለኝ። ይህን ታሪክ የተማረ ሰው ቢጽፈው ያምርበት ነበር። ግን የተማሩት ሁሉ በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ታሪኩንም ያመጣው ሥራቸው ነው።

በዚያ ከተማ ቤት የሚሠራው ከእንጨትና ከጭቃ አይደለም። ግድግዳው ሞራ ነው። የበሬ ሞራ ይቀልጣል፣ ቅቤ ይገባበታል፣ እንዳይደርቅ የተልባና የዓሣ ዘይት ይታሽበታል፤ ከዚያ እንደ ሊጥ እየተድቦለቦለ ይነባበራል። ሰው ሲደገፈው ይሰረጉዳል፤ ሲነሳለት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። «ፀሐይ አያቀልጠውም?» የሚል ሰው የዚያን አገር ፀሐይ አያውቃትም። እሷም እንደ ሹሞቹ ናት፤ ከሩቅ ታበራለች እንጂ አታሞቅም።

በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ አንድ ሰው ይተከላል። ይህ ሰው ጆሮ ይባላል። በሆዱ ተጋድሞ ነው የሚተከለው፤ ደረቱ፣ እጁና ራሱ ወደ ጎዳናው፣ ከወገቡ በታች ያለው ወደ ቤቱ። ሲመሽ የሚያጎርሰው ይመጣል፤ የቀረውን ነገር ሁሉ ከተማው በሥርዓት አበጅቶለታል፣ እሱን አልተርከውም። እግሩ ሥር ከበሮ ይታሰራል።

ሰላምታ በዚያ አገር ከአፍ አይወጣም። ሰላምታ ድንጋይ ነው። እንቁላል የሚያክል፣ ከከተማው ትልቅ ምድጃ ሞቆ የወጣ ድንጋይ። ተሸካሚዎች በቅርጫት ይዘውት በየመንገዱ ይዞራሉ፤ ከጆሮው ዘንድ ሲደርሱ አንዱን አንስተው መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። ድንጋዩ ከመዳፉ ጋር ልክ ሲገጥም የጆሮው ገላ ይፍታታል፤ ሙቀቱ በጀርባው ወርዶ እግሩ ይደርሳል፤ እግሩም ከበሮውን ይመታል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ያንን ሲሰማ «ዓለም አልረሳችኝም» ብሎ እሳቱን ይቆሰቁሳል፣ ይበላል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ድንጋዩ ራሱ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጆሮው መዳፉን ይገለብጣል፣ ድንጋዩ ይወድቃል፤ ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ለቅሞ በከረጢቱ ይይዝና እንደገና እንዲሞቅ ወደ ምድጃው ይመልሰዋል። የከተማው ደስታ በሙሉ በዚህች ነገር ላይ የቆመ ነበር። ሌላ አገር በምን እንደሚቆም አላውቅም።

እኔም ከነዚህ ጆሮዎች አንዱ ነኝ፤ ሕጉ ራሴን ለጎዳናው፣ እግሬን ለቤቱ ሰጥቷል። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ «ይህ የቤታችን እግር ነው» እየተባሉ ስለሚያድጉ፣ እግሩ ራስ ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ብልግና ነው። ጎዳና ላይ የሚያልፈውም «እግር አለህ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። የግድግዳው ወፍራምነት ነው መሰለኝ፤ ወይም የሰው ልጅ ፊት ለፊቱ ያለው ይበቃዋል።

የተተከልኩበትን ግድግዳ የመረጥኩት ራሴ ነኝ። የሹም ቤት ደርሶኝ ከሌላ ጆሮ ጋር ለወጥኩት። የለወጠኝ ሰው እስከ ዛሬ ሞኝ ይለኛል። እኔ ግን የተለዋወጥኩት ለግድግዳው አልነበረም፤ ለትርንጎ ነው።

ወጣት ሳለሁ ለትርንጎ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ አቶ ደምመላሽ ሽማግሎቹን አስቀምጦ፣

«ልጁ ምን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

«ማንበብ ያውቃል» አሉ።

«መጻፍስ?»

«ስሙን ይጽፋል።»

«እሱንማ ስሙን እኛም ሰማነው!» ብሎ ሳቀ።

ሽማግሎቹም አብረው ሳቁ። የእኔ ሽማግሎች! የላክኳቸው እኔ፣ ያበላኋቸው እኔ። አጥሩ ሥር ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ከጓዳ በኩል ግን ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ የእሷ ሳቅ ነው። በአባቷ ቀልድ ይሁን በድመቷ፣ እንጃ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚንከባለል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰበር ሳቅ ነበር። ያን ሳቅ ልጠላው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። እሷ መልኬን አይታው አታውቅም። ሽማግሌ እንጂ እኔ መቼ ገባሁ?

አባቷ ሲሞት ብቻዋን ቀረች። የቤቱ አሮጌ ጆሮም ጡረታ ወጣ። እኔ ገባሁ። እነሆ ከዚያ ወዲህ እግሬ ቤቷ ነው። አቶ ደምመላሽ ከመቃብሩ ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከበሩ የመለሰው ሰው በግድግዳው እንደገባ ባየ ነበር።

ፊቷን አላየሁትም፤ ዓይኔ ወደ ጎዳናው ነውና። ኮቴዋን ግን በእግሬ አውቀዋለሁ። ስትጠርግ የመጥረጊያዋ ጫፍ ተረከዜን ይነካኛል፤ ከዚያ ዞር ብላ ታልፋለች። ድምፅዋ በሞራው ውስጥ አልፎ ሲመጣ፣ ከውኃ ሥር እንደሚያወራ ሰው ቃሉ እየተሟሟ ይደርሰኛል። ከበሮውን በመታሁ ቁጥር «እሰይ» ትል ነበር። «እሰይ» የምትለው ለከበሮው ነው። እኔ ግን እንደ ደመወዝ እቀበለው ነበር።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር የሰላምታ ሹሙ ክቡር ጉልላት ሌላ አገር ጎብኝቶ ተመለሰ። ሲሄድ ደህና ሰው ነበር። ሲመለስ አፍሮ መጣ። ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«እዚያ አገር ግድግዳው ደረቅ ነው! ጣትህን ብታሳርፍበት ጣትህ ንጹሕ እንደሆነ ይመለሳል። እኛ ግን ምን ውስጥ ነው የምንኖረው? ስብ ውስጥ! የሠለጠነ ሰው ስብ ውስጥ ይኖራል?»

ሰዉ ሁሉ ጣቱን ተመለከተ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጣቱ ቅባት እንዳለው ልብ ያለው አልነበረም። ያን ቀን መላው ከተማ ጣቱን በልብሱ ሲጠርግ ዋለ።

በማግስቱ ፋቂዎች ተሰማሩ። ፍል ውኃና አመድ ይዘው ግድግዳውን ሁሉ አጠቡት። ቅቤው ወጣ፣ ተልባው ወጣ፣ የዓሣው ዘይት ወጣ። የቀረውን ሞራ እንዳይፈርስ ብለው ሰምና ኖራ ለቀለቁበት። የተፋቀው ስብ በጋሪ ተጭኖ ሐይቁ ውስጥ ተደፋ። በዚያ ዓመት ዓሦቹ እጅግ ደስተኞች ነበሩ ይባላል። ግድግዳውም አበራ። ሰው ፊቱን ያይበት ነበር፤ ያየውም ሁሉ «አማረ» እያለ ያልፍ ነበር፤ ግድግዳውን ይሁን ፊቱን ግን አይለይም።

እኔን ያገኘኝን ላውራ። ግድግዳው ሲደርቅ ጎኔን ያዘኝ። ድሮ ስተነፍስ አብሮኝ ይተነፍስ የነበረ ነገር፣ አሁን እንደ አበዳሪ አንቆ ያዘኝ። አንዱ ትከሻዬ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ተጠመዘዘ። ጀርባዬ ጎበጠ። ከሁሉ የባሰው ግን መዳፌ ነው፤ ልዘረጋው ስል ይጨማደዳል፣ ጣቶቼ ወደ ጎን ይሄዳሉ። ድንጋዩ ይቀመጥበትና ይንሸራተታል። ሙቀቱ ክንዴ ላይ ደርሶ ይጠፋል። እግሬ አይሰማም።

የእኛን ሰፈር ሰላምታ የሚሸከመው ዘርጋው የሚባል ሰው ነው። ረጅም፣ ፈጣን፣ በመንገድ ሲያልፍ ራሱን በመስኮት የሚያይ ሰው። ከአፉ ክፉ እንጂ ደግ ወጥቶ አያውቅም፤ ሙያው ሰላምታ ማደል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«እጅህን ዘርጋ እንጂ!» አለኝ።

«ዘርግቻለሁ።»

«ይሄ ነው መዘርጋት? የዶሮ እግር ነው እንጂ ይሄ!»

«ድንጋይህ ቀዝቅዟል።»

«የእኔ ድንጋይ? አንተ ጉቶ! ሰው ሁሉ ሰምቶ አንተ ብቻ ብትደነቁር ድንጋዩ ቀዘቀዘ?»

ሰው ሁሉ ግን አልሰማም ነበር። ከበሮዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ምላጩን እንደያዘ ተቀመጠ፤ ሰውየውም ግማሽ ራሱን ይዞ «ይሁን» ብሎ ሄደ። አንድ ሠርግ ላይ ታዳሚው ቀስ በቀስ እየተነሳ ወጣ፤ በመጨረሻ ሙሽራውም አብሮ ወጣ፤ የት ትሄዳለህ ያለውም የለም። ገበያ ላይ ሻጩ «ውሰደው» ይላል፣ ገዢው «ተወው» ይላል፤ ሁለቱም ዕቃውን መሬት ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ሌባ እንኳ መጥቶ አላነሳውም።

ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ያለውን የማውቀው ከወገቤ በታች ባለው ነው። መጀመሪያ መጥረጊያው ቀረ። ቀጥሎ ኮቴው። ከዚያ እሳቱ ጠፋ፤ እግሬን ብርድ ያዘው። ትርንጎ ከግድግዳው ሥር እንደተኛች በትንፋሿ አውቃለሁ፤ ትንፋሿ ቁርጭምጭሚቴን ይነካኛል። ይነካኛል፣ ይቆማል፤ ሲቆም እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ እንደገና ይመጣል። ሰው እንዲህ ቀርቦ እንዲህ ይርቃል? ልጠራት እችል ነበር፤ ግን አፌ ያለው በሌላው ዓለም ነው። ጎዳናው ላይ ስሟን ብጠራ የሚሰማኝ ዘርጋው ነው።

ክቡር ጉልላት ነገሩን ሰማና ተቆጣ። «ሰላምታ አንሷል» አለ። ተሸካሚዎቹን አበዛቸው። ድንጋይ ከጧት እስከ ማታ ይመጣ ጀመር፤ መዳፌ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ይወድቃል፣ ያስቀምጣሉ፣ ይወድቃል። ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ «ሰብሳቢዎቹ ቶሎ እየለቀሙ ነው» ተባለ። የሰብሳቢዎቹ እጅ የፊጥኝ ታሰረ። የእኛ ሰብሳቢ ሽማግሌ ነው፤ ከእኔ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፉም አባባ። ሥራዎን ሠርተው ነው።»

«እንግዲያ ሳልሠራ ብቀር?»

«ለዚያም ያስሩዎታል።»

«ከሆነስ ከመሥራቱ ማረፉ ይሻላል» ብሎ እዚያው እንቅልፉን ለጠጠ።

ድንጋዩ እየተቆለለ አገጬ ድረስ ደረሰ። ጎዳናው ተዘጋ። በቅሎ አታልፍም፤ ነፍሰ ጡርም ዞራ ትሄዳለች። እውነቱን ለመናገር በአንዳንድ ቤት ከረጅም ጊዜ በኋላ ከበሮ ተሰምቷል። ፍል ድንጋዩ ከግድግዳው ሥር ሰንብቶ ሰንብቶ ኖራውን እያሞቀው፣ ውስጥ የቀረችውን ሞራ ትንሽ አላልቷት ይሆናል። ያኔ ማንም ይህን አላሰበም። ክቡር ጉልላት መለከት አስነፋና «አያችሁ? ብዛት ነው ነገሩ!» አለ። የትርንጎ ቤት ግን ጥላ ሥር ነው፤ ድንጋዩ ሳይውል ሳያድር ይበርዳል። እዚያ ምንም አልላላም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል። በመጨረሻ ጥፋቱ በጆሮዎቹ ላይ ወደቀ። «ጆሮዎቹ አልተማሩም» ተባለና ፈታኞች መጡብን። ከፊቴ ቆመው አንድ ድንጋይ አሳዩኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

እርስ በርስ ተያዩ። እዚያ ማዶ ግድግዳ ላይ ያለው ጆሮ «ሰላምታ በጠጣር አቋሙ» ብሎ አልፏል። የእሱም ከበሮ ዝም እንዳለ ነው፤ ግን አልፏል።

«ምን ያህል ተምረሃል?» አለኝ አንዱ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት አልፎ፣ ግድግዳ ውስጥ ተተክዬ እንኳ ይህች ጥያቄ መንገዱን አውቃ መጣች!

«ስሜን እጽፋለሁ» አልኩት።

እሱም እንደ አቶ ደምመላሽ ሳቀ። ፍርዱም ተነገረኝ። እስከ ምድጃ በዓል ድረስ የትርንጎ ቤት ከበሮ ካልተሰማ እነቀላለሁ። በቦታዬ በደረቅ ግድግዳ አገር የተማረ ጆሮ ይተከላል። የተነቀለ ጆሮ ወደ ሌላ ግድግዳ አይገባም፤ ከከተማው ውጭ ነው የሚጣለው፤ ግድግዳ ከሌለበት፣ ቤት ከሌለበት።

ሲሄዱ ዘርጋው ቀረት አለና፣

«አይዞህ ጉቶ፣ ሜዳው ላይ ንፋሱ ጥሩ ነው» አለኝ።

እኔ የማስበው ሜዳውን አልነበረም። ትንፋሿ የሚያርፍበት እግር የማን ይሆናል የሚለውን ነበር። የተማረው ሰው እግር ይሆናላ! እሱ እግሩ ላይ የሚያርፈውን ነገር ምንነት ያውቀዋል? «ትንፋሽ በሙቅ አቋሙ» ይለው ይሆናል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎዳናው ጭር ብሎ ሳለ፣ አንድ ጣት የግራ ተረከዜን ነካኝ። መጥረጊያ አልነበረም። ጣት ነው።

«ውይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ተሰነጣጥቀህ የለም እንዴ!»

ከስንት ጊዜ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ደረቁ ግድግዳ ቃሉን እየቆራረጠ ቢያመጣውም ገባኝ። ለእግሬ ነበር የምትናገረው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴ ቆመህ አላየሁህም። እኔም እኮ እንዳንተው ደርቄያለሁ። ቆይ፣ አንድ ነገር ነበረችኝ።»

ስትነሳ ሰማኋት። ለምን ያህል ጊዜ እንዳልተነሳች የማውቅ እኔ ነኝ፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት። ከማሰሮ ይሁን ከቀንድ አንድ ነገር ጫረች፤ ተመልሳ ቁጭ አለች።

«ቅቤ ናት። ለጠጉሬ ያስቀመጥኳት። ጠጉሬን አሁን ማን ያየዋል?» አለችና እግሬን በሁለት እጇ ይዛ ትቀባኝ ጀመር።

ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም። እንዲያው አይጻፍም፤ እኔም የመጻፍ ችሎታዬ የታወቀ ነው። ጣቷ ከእግሬ ጣቶች መሀል ስትገባ ግን ኮረኮረኝ። ጎዳናው ላይ ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። በዚያች ሰዓት ዘርጋው ቅርጫቱን ይዞ ከተፍ አለ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ምንም።»

«ደግሞ ታለቅሳለህ እንዴ? ኧረ ይሄ ሰውዬ ጨርቁን ጥሏል!»

«ንፋስ ነው።»

«የምን ንፋስ? ቅጠል እንኳ አይነቃነቅ!»

ትርንጎ በማግስቱም ቀባችኝ፤ በሠለስቱም። ቅቤዋ ስታልቅ ተልባ ወቅጣ ዘይቱን በእጇ ጨመቀች። ግድግዳው ወገቤን የላጠበትን ቦታ አይታ «እዚህስ ቆስለሃል» አለች፤ የገባሁበትን ቀዳዳ ዳር ዳሩን በዘይት አሸችው፤ እጇ በደረሰበት ሁሉ ወደ ውስጥ አሸችው። ግድግዳ ልታለሰልስ አስባ አልነበረም። ቁስል ልታለሰልስ ነው። እየቀባች ታወራኝ ነበር። ሰው ነግራው የማታውቀውን ለእግሬ ነገረችው።

«አባቴ» አለች አንድ ቀን፣ «አንድ ልጅ ሽማግሌ ልኮብኝ መልሶበታል። መልኩን እንኳ አላየሁትም። የት ደርሶ ይሆን? ስንቱን ሰው ሳናይ መለስን!»

እግሬ ፈዝዞ ቆመ። ራሴ ጎዳናው ላይ ዞረ። «እዚህ ነኝ» ብዬ ጮህኩ፤ አፌን ሞልቼ ጮህኩ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ከእንቅልፉ ነቅቶ «አውቃለሁ፣ የት ትሄዳለህ?» አለኝና ተመልሶ ተኛ።

ቀስ በቀስ ጎኔ ላላ። መጀመሪያ አንድ የጎድን አጥንት፣ ከዚያ ሌላው። ትከሻዬ ወደ ቦታው ወረደ። ግድግዳው እንደ ድሮው ከእኔ ጋር መተንፈስ ጀመረ፤ ገና ጥቂት፣ እንደ በሽተኛ። መዳፌ አንድ ቀን ሳላዝዘው ተዘረጋ።

የምድጃ በዓል ደረሰ። ክቡር ጉልላት ከፈታኞቹ ጋር መጣ። ከኋላቸው አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ቃሬዛው ላይ የተማረው ጆሮ ቦታው እስኪለቀቅለት በሆዱ ተጋድሞ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ይጠብቃል። ልብሱ ንጹሕ ነው። ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠምን።

«በርታ ወንድሜ» አለኝ በትሕትና። የተማረ ሰው ትሕትና ከስድብ ይከፋል።

ዘርጋው ከቅርጫቱ አንድ ድንጋይ መረጠ። የመረጠው ይበልጥ የቀዘቀዘውን ነው ብዬ እምላለሁ። መዳፌ ላይ አኖረው። ድንጋዩ ገጠመ። ሙቀቱ በክንዴ ገባ፣ በትከሻዬ አለፈ፣ በጀርባዬ ወረደ፣ የረሳሁትን መንገድ ሁሉ ራሱ አስታውሶ ሄደ። እግሬ ተነሳ። ዱም!

ከቤት ውስጥ አንድ ሳቅ ተሰማ። ከላይ ወደ ታች የሚንከባለል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሰበር ሳቅ። ቀጥሎ፣ «እሰይ!»

ከፈታኞቹ አንዱ ቀረብ ብሎ ግድግዳውን በጣቱ ነካ። ጣቱን አየው። አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው? ቅባት አይደለም?»

ቤቱ ሊፋቅ ነው!

«ላብ ነው ጌታዬ» አልኩ።

«ጆሮ ያልበዋል እንዴ?»

«የሚሠራ ጆሮ ያልበዋል።»

ፈታኙ የተማረውን ጆሮ ዞሮ አየው። ግንባሩ ደረቅ ነው። «እውነት ነው፣ እሱን ሲያልበው አላየሁም» አለ፤ ጣቱንም በልብሱ ጠረገ።

ክቡር ጉልላት ግን ነገሩ ገብቶታል። ሁልጊዜ ይገባዋል። «ይህ ጆሮ የዳነው ለምን መሰላችሁ?» አለ። «ተተኪውን በዓይኑ ስላየ ነው! ጆሮ ሲፈራ ይሰማል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ የተማረው ጆሮ በቃሬዛ ላይ እንዳለ በየቤቱ ደጃፍ እንዲዞር ታዘዘ። ይኸው እስከ ዛሬ ይዞራል። ተሸካሚዎቹ ይቀያየራሉ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተተከለም። አንዳንዴ በእኔ በኩል ሲያልፍ ግድግዳዬን አተኩሮ ያያል። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው።

ለዘርጋው «ጽኑ ተሸካሚ» የሚል መቀነት ተሰጠው። ስለ እኔ «ጆሮው ተሻሽሏል» ተባለ። ከተማው ግን እንደ ደረቀ ነው። የትርንጎን እጅ የመሰለ እጅ በየቤቱ የለም፤ ካለም እግሩን ያየ የለም። ልንገራቸው አልኩ ለራሴ። ከዚያ ደግሞ ብነግራቸው መጀመሪያ የሚፋቀው የማን ቤት ነው? አልኩ። ዝም አልኩ።

ከበዓሉ ወዲህ ጥቂት እንደቆየ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ከግራዬ በኩል ያለው በር ተንቋቋ። ያ በር ከተዘጋ ዘመን አልፎታል። አንዲት ሴት ወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ በብርሃኑ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። ጠጉሯ ተበጥሯል። መሀል ላይ ሽበት አለባት። ስንት ዘመን ፊቷን በልቤ ስሠራው ኖሬ፣ አንዱንም አልመሰለችም። እንዴት እንደተሻለችኝ!

ተራምዳ ከፊቴ ስትደርስ ቆመች። በአፏ፣ በዚያ አገር ማንም በማያደርገው ነገር፣

«እንደምን አረፈድክ ወንድሜ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳና ጉሮሮዬ ላይ ተጋፋ፤ አንዱ ሌላውን ሳያሳልፍ ቀረ። አፌን ከፍቼ አየኋት። ጥቂት ጠበቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብስባ በድንጋዩ ክምር ላይ ተረማምዳ ሄደች። አንገቴ እስከቻለ ድረስ ተከተልኳት። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ያዘኝ።

ወደ ማታ ተመለሰች። በሩ ተዘጋ፤ እሳቱ ነደደ፤ እግሬ ሞቀው። እንደ ልማዷ ቁጭ አለችና በተልባው ዘይት ታሸኝ ጀመር።

«ሰማህ?» አለች ለእግሬ። «ዛሬ ወጣሁ። ጎዳናው ድንጋይ ብቻ ሆኗል፣ እንዴት እንደሚያልፉበት እንጃ። ሐይቁ ድረስ ሄድኩ። ዓሣው እንዴት ወፍሯል መሰለህ! ደግሞ እዚህ ደጃችን ላይ አንድ ሰው ተጋድሟል። ሰላም ብለው ዝም! አፉን ከፍቶ ያየኛል። ኩራቱ! የተማረ ሳይሆን አይቀርም።» ሳቀች፤ ሳቋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እጇም ቆመ። «ዓይኑ ግን… አላውቅም። ሰው እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ነገም እለዋለሁ፤ ዝም ካለኝም ዝም ይበለኝ።»

ጎዳናው ላይ ዘርጋው የለም። ሰብሳቢው ተኝቷል። መዳፌ ባዶ ነው።

«አንተ ግን ደህና ነህ አይደል?» አለችው እግሬን።

ያለ ድንጋይ ከበሮ መምታት በዚያ አገር እንደ ሐሰተኛ ምስክርነት ያስቀጣል። እግሬን አነሳሁና መታሁት።